ለ40 ሰው በግቢያችሁ የምሳ ግብዣ፦ ከቀን ቆረጣ እስከ ማግስቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽም ብትሆን ሳር ያለባት ግቢ ካለቻችሁ፣ አዳራሽ ለመከራየት ከመሮጣችሁ በፊት ግቢያችሁን ደግማችሁ እዩት። ክርስትና ይሁን፣ ምርቃት ይሁን፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ መቀበያ ይሁን፣ በግቢ ያምራል። ልጆች እንደልባቸው ይሯሯጣሉ፣ ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ይጫወታሉ፣ ቡናው እዚያው ይፈላል። ሰዓት ሞላ ብሎ የሚያስወጣችሁም የለም።

አንድ ችግር ግን በየቤቱ አያለሁ። ደጋሿ ከጠዋት እስከ ማታ ከማድቤት አትወጣም። እንግዶቹ በልተው፣ ጠጥተው፣ መርቀው ሲሄዱ በር ላይ ብቅ ብላ ትሰናበታለች፣ በቃ። እንግዳ የሚመጣው ግን ሰውን ብሎ እንጂ ወጥ ብሎ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ በድግሱ ቀን የሚሠራ ሥራ ጥብስ መጥበስ፣ ወጥ ማሞቅና ቡና ማፍላት ብቻ ይሁን። ሌላው በሙሉ በዋዜማው ያልቃል።

ለምሳሌ የያዝኩት አዲስ አበባ ውስጥ፣ እሑድ፣ ለ40 ሰው የሚደረግ ምሳ ነው። ሰው ቢበዛ ወይም ቢያንስ መጠኑን በዚያው ልክ አስተካክሉ።

ቀን መቁረጥ (ከ5 ሳምንት በፊት)

ለግቢ ድግስ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሳሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አቧራውም አልተነሳም። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ከዚያ በፊት ያለ እሑድ ያዙ። የጽጌን ጾም ደግሞ አትርሱ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። የፈቃድ ጾም ስለሆነ ሁሉም አይጾመውም፣ የሚጾሙ እናቶች ግን ከየቤቱ አይጠፉም። ቀናችሁ እዚያ ውስጥ ከወደቀ የጾም ምግቡን ከወትሮው ከፍ አድርጉት።

ጥርም ፀሐዩ የታወቀ ነው፤ ዝናብ አያሰጋም። ነገር ግን ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ይደራረባል። ድንኳን ይወደዳል፣ ጎበዝ ምግብ ሠሪም በልመና ነው የምትገኘው። ከዚያ 55 ቀን የሁዳዴ ጾም ይመጣል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ለምግቡ ይመቻል፣ የበልግ ዝናብ ግን ሳይታሰብ ከሰዓት በኋላ ሊወርድ ይችላል። ምርቃት ሆኖ ሰኔና ሐምሌ ላይ ከዋለ ያለ ድንኳን አታስቡት። የሙስሊም ወዳጆች ካሏችሁ ደግሞ ረመዳን መቼ እንደሚገባ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰዓቱን ለ6 ሰዓት ጥሩ። ምግብ 7 ሰዓት ይቀርባል፣ ቡናው 9 ሰዓት ላይ ይጀመራል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰው መነሳት ቢጀምር ደስ ይላል። በኅዳር የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ፀሐይ ጠለቅ ስትል ብርዱ ወዲያው ይገባል። እስከ ማታ የሚቆዩ የቅርብ ሰዎች ካሉ ቤት ውስጥ ቦታ አዘጋጁላቸው፣ ጋቢም አውጡ።

ጥላው የት ነው?

ይህን አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከምግቡ እኩል አየዋለሁ። ከድግሱ አንድ ሳምንት በፊት፣ እሑድ ቀን፣ 6 ሰዓት፣ 8 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ግቢያችሁ ውስጥ ቁሙና ጥላው የት እንዳለ እዩ። በየሰዓቱ ጠርዙ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ።

በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ስለዚህ ቀትር ላይ የቤታችሁ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ምሥራቅ እየረዘመ ይሄዳል። ከቤቱ በስተምሥራቅ ክፍት ቦታ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከ8 ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ራሱ ያጠላላችኋል። በስተምዕራብ ያለ ግቢ ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል፤ እዚያ ዛፍ ከሌለ ሸራ ወይም ድንኳን የግድ ነው።

ድንኳን ከተከራያችሁ ሁለቱን ጎን ክፍት አስደርጉት። አራቱም ጎኑ የተዘጋ የላስቲክ ድንኳን በቀትር ይታፈናል፣ በተለይ ሽማግሌዎችን ያደክማል። ለአንድ ተቀማጭ፣ ጠረጴዛውንና መተላለፊያውን ጨምሮ፣ አንድ ሜትር ተኩል ካሬ አስቡ። ለ40 ሰው 60 ካሬ ማለት ነው። ግቢያችሁ ያን ያህል ካልሆነ አትጨነቁ፤ ሳሎኑንና በረንዳውን ለትልልቅ ሰዎች ስጡ፣ ወጣቱ ሳር ላይ ምንጣፍ ተነጥፎለት ይቀመጥ።

ሳሩን ከ4 ወይም ከ5 ቀን በፊት እጨዱት። በዋዜማው ከታጨደ ብጣሹ ጫማና ቀሚስ ላይ ይለጠፋል። ውሃ ማጠጣቱን ደግሞ ከ2 ቀን በፊት አቁሙ። እርጥብ መሬት ላይ የወንበር እግር ይሰምጣል፣ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ሴትም መራመድ ያቅታታል።

እንግዳ መጥራት (ከ3 ሳምንት በፊት)

ለጓደኛ በቴሌግራም መላክ ይበቃል። ለእማማና ለጋሼ ግን ስልክ ይደወላል፣ ቅርብ ከሆኑ ደግሞ ቤታቸው ተኪዶ ይጠራሉ። በጽሑፍ የተጠራ ትልቅ ሰው ቅር ይለዋል፣ ልክም ነው። ስትደውሉ ሦስት ነገር አብራችሁ ጠይቁ፦ ከማን ጋር ይመጣሉ? ይጾማሉ? መኪና ይዘው ነው ወይስ የሚያመጣቸው ሰው ይፈለጋል?

ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች ጥሩ። ባይመጡ እንኳ ሙዚቃው ሲሰማና መኪናው በራቸው ላይ ሲቆም ቅሬታ አይኖራቸውም። ከ40 ሰው የሚቀርም፣ ሰው ይዞ የሚመጣም ይኖራልና ምግቡን ለ45 ሰው አስቡ።

ምግቡ

ዓይነት አታብዙ። ሠርግ አይደለም። ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ አይብ በጎመን፣ ከጾም በኩል ምስር ወጥ፣ አልጫ ክክ፣ ጥቅል ጎመን በድንችና በካሮት፣ ሰላጣ። ይህ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ክትፎ በግቢ ድግስ ላይ አልመክርም። ጥሬ ሥጋ ፀሐይ ባለበት ቦታ ሰው እስኪሰበሰብ መቆየት የለበትም፤ ኮሶውም አለ።

ዶሮው፦ 4 ዶሮ በ12 ብልት 48 ቁራጭ ይሆናል። ለአንድ ሰው አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ያዙ፤ 45 እንቁላል ቀቅሉ። ለአንድ ዶሮ ወደ 2 ኪሎ ሽንኩርት ስለሚሄድ ባጠቃላይ 8 ኪሎ ግዙ። ሽንኩርቱ ዓርብ ማታ ይላጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይከተፍ።

ቁላሌቱ ላይ ደግሞ ትዕግሥት አድርጉ። መጀመሪያ ዘይትም ቅቤም አይገባበትም። በደረቁ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ውሃው እስኪመጥና ቀለሙ እስኪለወጥ ይማሰላል። 8 ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ድስት ከ3 ሰዓት በታች አይበስልም፤ ለሁለት ድስት ብትከፍሉት ይቀላል። ከዚያ ዘይቱ ይገባል፣ ቀጥሎ በርበሬው። በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው ትንሽ ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አቁላሉት። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቅቤ ይከተላሉ። በሎሚና በጨው ታጥቦ የተዘፈዘፈው ዶሮ መጨረሻ ላይ ይገባል። መከለሻው ሊወርድ ሲል ነው። ዶሮ ወጥ አድሮ ይጣፍጣልና ቅዳሜ መሠራቱ ለጣዕሙም ይበጃል።

ሲያልቅ ትልቁን ድስት እንደ ጋለ ከድናችሁ አታሳድሩት። መሐሉ ሳይቀዘቅዝ ያድርና ሊበላሽ ይችላል። ወደ ትንንሽ ድስቶች ገልብጡት፣ ትንፋሹ ይውጣ፣ ከ2 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። እሑድ ስታሞቁት ለብ አድርጋችሁ አታውጡት፣ በደንብ ይንተክተክ። እንቁላሉንም ያኔ ክተቱት።

ጥብሱ፦ 5 ኪሎ ሥጋ ይበቃል። ይህ ግን በዕለቱ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከሰል ላይ ይጠበስ። የቀይ ሽንኩርቱና የጥብስ ቅጠሉ ሽታ ግቢውን ሲሞላ ሰው ሁሉ ዞር ዞር ይላል። ምድጃውን ንፋስ ከእንግዳው ወደ ውጭ በሚነፍስበት በኩል አስቀምጡት። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ድንኳን ወይም ክፍል ውስጥ በፍጹም አይገባም። ጭሱ ባይታይም መርዝ ነው፣ ሰው ይገድላል።

እንጀራው፦ ለአንድ ሰው 2 ብለን፣ ለጥቅልልና ለመጠባበቂያ ጨምረን፣ 100 እንጀራ። ሊጡ 2 እና 3 ቀን መቡካት ስላለበት ለጋጋሪዋ እስከ ረቡዕ ድረስ ንገሯት። እሑድ ማለዳ ተጋግሮ ቢመጣ ጥሩ ነው። ትኩሱን እንጀራ በላዩ ላይ አትደራርቡት፤ ያልበዋል፣ ይጣበቃል። ሰፌድ ላይ ይብረድና ሞሰብ ይግባ።

የጾሙ ምግብ በዘይት ብቻ ይሠራ፣ የራሱ ማንኪያና የራሱ ጠረጴዛ ይኑረው። ከፍስኩ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደረ ማንኪያ ይቀያየራል፣ ቅቤ ይነካካል፣ የሚጾመው ሰው ደግሞ ተጠራጥሮ ሳይበላ ይቀመጣል።

ሙስሊም እንግዶች ካሉ ሥጋው ለየብቻ ነው። ሙስሊም ያረደው፣ በሌላ ድስት፣ በሌላ ቢላ፣ ከተቻለ በሙስሊም እጅ የተሠራ ይሁን። ሙስሊም ጎረቤት ካለቻችሁ «እትዬ፣ ይህን አንቺ ያዢልኝ» በሏትና ወጪውን ሸፍኑ። በእርሷ እጅ የተሠራውን እንግዶቹ ሳይሳቀቁ ይበሉታል። ጠረጴዛውን ግን ጥግ ላይ አትደብቁት፣ ከሌሎቹ ጋር መሐል ይሁን።

ድፎ ዳቦ አትርሱ። በኮባ የተጋገረ አንድ ትልቅ ዳቦ ይበቃል። ዳቦው የሚቆረሰው በዕድሜ ትልቁ ሰው ከመረቁ በኋላ ነውና ማን እንደሚመርቅ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ድንገት «ይመርቁ» መባል አንዳንዱን ያስደነግጣል።

መጠጡ

ጠላ ቤታችሁ የምትጠምቁ ከሆነ ጌሾው ከ2 ሳምንት በፊት መጠንሰስ አለበት። ለጠጅ 3 ሳምንት ያስፈልጋል። ጊዜ ከሌላችሁ ከምታምኗት ጠማቂ 25 ሊትር ጠላ እዘዙ። ብርዝ ደግሞ ለማይጠጡና ለልጆች ይሁን፤ ማርና ውሃ ብቻ ስለሆነ በዋዜማው ይደርሳል። ከለስላሳ ሁሉ ቀድሞ ሲያልቅ ታዩታላችሁ።

ቢራ 2 ሳጥን፣ ለስላሳ 2 ሳጥን፣ በየሳጥኑ 24 ጠርሙስ አለ። ግማሽ ሊትር ውሃ 60 ፍሬ ጨምሩ። የቤት ፍሪጅ ይህን አይችልም። ትልቅ ሳፋ ወይም በርሜል ውስጥ ውሃና በረዶ አድርጋችሁ ከጠዋት ዘፍዝፉት፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። የተከፈለበትን የጠርሙስና የሳጥን መያዣ ደረሰኝ አስቀምጡ። ጠጥቶ መንዳት ለሚያሰጋው እንግዳ ራይድ የሚጠራ አንድ ወጣት መድቡ።

ዕቃውና ውሃው

ከኪራይ ቤት በፊት እድራችሁን ጠይቁ። ብዙ እድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሰሃን አለው፤ ለአባላቱም በቀላል ዋጋ ይሰጣል። ሐዘን ከመጣ ግን ዕቃው ወደ ሐዘኑ ቤት ነው የሚሄደው። ስለዚህ የአንድ አከራይ ስልክ በመጠባበቂያ ያዙ። ለ45 ሰው 60 ሰሃንና 70 ብርጭቆ ካላችሁ መሐል ላይ ለማጠብ አትጣደፉም። ስትረከቡም ስትመልሱም ቁጠሩ፣ የተሸረፈውን በስልክ ፎቶ አንሱ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሐሙስ ጀምሮ ሮቶውን ሙሉ። አንድ በርሜልና 4 ጀሪካን ደግሞ ለብቻ አስቀምጡ። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ሳሙና፣ ሶፍት፣ ፎጣና ባልዲ ሙሉ ውሃ ይኑር፤ አንድ ሰው በየሰዓቱ ገባ ብሎ ይየው። መብራት ከጠፋስ? ለቀን ድግስ ጄነሬተር መከራየት አያስፈልግም፤ ቻርጅ የተደረገ ድምፅ ማጉያ ይበቃል።

ቅዳሜ

ወጡ ይሠራል፣ የጾሙም ይሠራል። ድንኳኑ ይተከላል። ጠረጴዛና ወንበር ከሰዓት በኋላ ይደረደራል፣ ጨርቁ ግን ለጠዋት ይቆይ፣ ጤዛ ያርሰዋል። ውሻ ካላችሁ እሑድ የት እንደሚታሰር ወይም ማን ዘንድ እንደሚውል ዛሬ ወስኑ። ቄጠማው በውሃ ተረጭቶ ይደር። ረከቦቱ፣ ሲኒው፣ ጀበናው፣ እጣኑ፣ ከሰሉና ቡናው አንድ ላይ በአንድ ሰፌድ ላይ ይቀመጡ።

ማታ የሚረዷችሁን ሰዎች ሰብስባችሁ ሥራ አከፋፍሉ። አምስት ሰው ይበቃል፦ በር ላይ አንድ፣ ምግብ ላይ አንድ፣ መጠጥ ላይ አንድ፣ ጥብስና ማሞቅ ላይ አንድ፣ ዕቃ አጠባ ላይ አንድ። ለሁሉም «እኔን ሳትጠይቁ ይህን አድርጉ» በሏቸው። የጎደለ ነገር ቢኖር የሚጠይቁት እህታችሁን ወይም ወንድማችሁን ይሁን። ለረዳቶቹ ምግብ ቀድማችሁ፣ 5 ሰዓት ላይ፣ አብሏቸው። ተርቦ የሚያስተናግድ ሰው ፊቱ አይፈታም።

እሑድ

4 ሰዓት ላይ ቄጠማው ይጎዝጎዝ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ ይልበስ። 5 ሰዓት ላይ እናንተ ታጥባችሁ፣ ለብሳችሁ ጨርሱ። ከዚህ ሰዓት በኋላ ማድቤት አትግቡ።

እንግዳ ሲገባ ተነሱ፣ ሳሙት፣ አስቀምጡት፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር አስተዋውቁት። «ይህ የልጄ አስተማሪ ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፣ እንደ አንተ» ማለት ለአንድ ሰዓት ጨዋታ ይበቃል። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ካያችሁ ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።

7 ሰዓት ላይ ምርቃት፣ ዳቦ ቆረሳ፣ ከዚያ ምሳ። ያልመጣ ሰው አለ ብላችሁ ከ20 ደቂቃ በላይ አትጠብቁ፤ ዘግይቶ ለሚመጣ ይቀመጥለታል። ቡፌ ብታደርጉም ትልልቅ ሰዎችን አታሰልፏቸው። እጃቸውን በማስታጠቢያ ባሉበት አስታጥቧቸው፣ ምግቡም ባሉበት ይቅረብላቸው። ወጣቱ ራሱ ያንሳ። ልጆች ቀድመው ይብሉ፣ ከዚያ ኳስና ገመድ ይሰጣቸው። የከሰል ምድጃው ያለበት በኩል እንዳይሄዱ አንድ ወንበር አጋድማችሁ ዝጉት።

«ብሉልኝ» ማለት ደግ ነው። ግን የስኳር ሕመም ያለባቸውን፣ ሐኪም ከቅቤ የከለከላቸውን ሰዎች ደጋግማችሁ አታስጨንቋቸው። የፈለጉትን ጠይቃችሁ እሱን አምጡላቸው።

ሰው በልቶ ዘና ሲል፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሙዚቃው ዝቅ ይበልና ቡናው ይቆላ። የሚያፈላው ሰው እንግዳው መሐል ይቀመጥ። ጭሱ ሲዞር ሁሉም እጁን ወደ ራሱ ይሰበስበዋል፣ ፈንድሻው ይዞራል፣ አቦሉ ይቀዳል። ለ40 ሰው አንድ ጀበና አይደርስም፤ ሁለት ጀበና በሁለት ምድጃ አድርጉ፣ ሲኒም 50 ያህል አዘጋጁ። ቶናውንና በረካውን የሚጠብቅ ይጠብቃል፣ የቸኮለ ይሄዳል።

ሰው ከሄደ በኋላ

የተረፈውን ምግብ ዕለቱኑ አከፋፍሉ። ጠረጴዛ ላይ ከቀትር ጀምሮ የዋለው ግን ለሰው አይሰጥም፤ ከድስት ያልወጣውንና ሲሞቅ የቆየውን ነው የምትቋጥሩት። መጀመሪያ ለረዳቶቹ፣ ቀጥሎ ለሰፈሩ ጥበቃ፣ ከዚያ መምጣት ላልቻሉ አዛውንትና ለታመመ ጎረቤት። የጾሙንና የፍስኩን በየዕቃው ለይታችሁ ላኩ።

የተከራያችሁትን ሰሃን ማታውኑ እጠቡት፤ አድሮ የደረቀ በርበሬ ፈተና ነው። ባዶ ጠርሙሶቹን ወደየሳጥናቸው መልሳችሁ ቁጠሩ። አትክልት ሥርና አጥር ጥግ የሚቀሩ አይጠፉምና ልጆቹን አሰማሩ፤ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ከመያዣው ላይ ይቆረጥባችኋል። ለረዳቶቹ ክፍያቸውን ከመሄዳቸው በፊት በእጃቸው ስጡ፣ ነገ ተመለሱ አትበሏቸው። ድንኳኑ ሰኞ ጠዋት ይፈታ፤ ብዙ ቀን ከቆየ ከሥሩ ያለው ሳር ይገረጣል።